ከቃል እስከ ድርሰት፦ ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት ምንድን ነው? ለጅማ ልጅስ ምን ይጠቅማል?

አሜሪካ ዘመድ ያላቸው የጅማ ቤተሰቦች አንዳንድ ጊዜ በስልክ አንድ የማያውቁት የትምህርት ቤት ዓይነት ይሰማሉ፤ ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት የሚባል። የእህት ልጅ ገና ሦስተኛ ክፍል ሆኖ የላቲን ግስ በዜማ ያወርዳል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለመጨረስ የራሱን ጽሑፍ አዘጋጅቶ በመምህራን ፊት ቆሞ መከራከር አለበት። ወሬው እዚህ ሲደርስ ጥያቄ ያስነሣል። ካህን የሚያወጣ ትምህርት ቤት ነው? ሒሳብና ሳይንስስ ይማራሉ? በዚህ ዘመን ላቲን ለምን ይበጃል? ደግሞስ ልጅን ማሸምደድ እኛ ራሳችን ልንገላገለው የምንታገለው ችግር አይደለም?

ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእርሱ ነው። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ በቃል መያዝ ማንንም ልጅ አላደነዘዘም፤ የሚያደነዝዘው በቃል ከያዙ በኋላ እዚያው ቆሞ መቅረት ነው። ጥንታዊው የክርስቲያን ትምህርት፣ የምዕራቡም ሆነ የእኛው የአብነት ትምህርት፣ ጉልበቱ ልጁን ከቃል አንሥቶ ወደ ምርመራ፣ ከምርመራም ወደ ራሱ ድርሰት የሚያደርስ መንገድ ያለው መሆኑ ነው።

የምዕራቡን እናስቀድም። የግሪክና የሮም ሊቃውንት ነጻ ሰው ሊያውቃቸው ይገባል ያሏቸው ጥበባት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባት ሆነው ተደራጁ። ሦስቱ የቃል ጥበባት ናቸው፤ ሰዋስው፣ ሥነ አመክንዮና የንግግር ጥበብ። አራቱ የቁጥር ናቸው፤ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ከአሕዛብ ትምህርት ቤቶች ተቀብላ መጽሐፍ ቅዱስን ለማንበብ፣ ለመተርጎምና ለመስበክ ተጠቀመችባቸው። በሰሜን አፍሪካ የተወለደው አውግስጢኖስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት እንጀራው የንግግር ጥበብ ማስተማር ነበር።

የዛሬው እንቅስቃሴ ግን ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ በኦክስፎርድ ባቀረበችው ንግግር፣ የዘመኑ ትምህርት ቤቶች ብዙ የትምህርት ዓይነት ቢያስተምሩም እንዴት እንደሚማሩ ግን አያስተምሩም ስትል ሞገተች። ሦስቱን የቃል ጥበባትም ከልጅ ዕድገት ጋር አዛመደቻቸው። ትንሽ ልጅ መደጋገምና በቃል መያዝ ይወዳል፤ ወደ ጉርምስና ሲጠጋ መከራከርና የሰው ስሕተት መልቀም ይጀምራል፤ ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ የራሱን ሐሳብ አስውቦ መናገር ያምረዋል። እንግዲያው ለየዕድሜው የሚስማማውን ጥበብ ስጡት ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ሞስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ሎጎስ የተባለ ትምህርት ቤት በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ተከፈተ። ከእርሱ በኋላም በፕሮቴስታንቱ፣ በካቶሊኩና በኦርቶዶክሱ ዘንድ ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች በዙ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። በመካከለኛው ዘመን ሰዋስው፣ ሥነ አመክንዮና የንግግር ጥበብ የትምህርት ዓይነቶች ነበሩ እንጂ የዕድሜ እርከኖች አልነበሩም። የዕድሜው ክፍፍል የሴየርስ ሐሳብ ነው። ተቺዎችም የስድስት ዓመት ልጅ “ለምን?” ብሎ ይጠይቃል፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣትም በቃል መያዝ ያስፈልገዋል ይላሉ። ትክክል ናቸው። ክፍፍሉ የትኛው ሥራ በየትኛው ዕድሜ እንደሚያመዝን የሚያሳይ እንጂ ልጁን የሚገድብ አጥር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ወደ ክፍሉ እንግባ። በታችኛዎቹ ክፍሎች ድምፅ ይበዛል። ልጆቹ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የታሪክ ዘመናት ቅደም ተከተል፣ ግጥምና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በኅብረት ይላሉ። ላቲን በብዙዎቹ ዘንድ ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ ክፍል ገደማ ይጀመራል። “አሞ፣ አማስ፣ አማት፤ አማሙስ፣ አማቲስ፣ አማንት” እያሉ “እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል” የሚለውን እርባታ ያወርዱታል። ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እርሱም የጀመረው “ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፤ ቀደሰ፣ ይቄድስ፣ ይቀድስ” እያለ ነውና።

ላቲን የሚመረጠው ሰው እንዲነጋገርበት አይደለም። ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ በያዘው ሥራ መሠረት መጨረሻው ስለሚለዋወጥ፣ ልጁ ባለቤቱንና ተሳቢውን ሳይለይ አንድ መስመር እንኳ መተርጎም አይችልም። ለእያንዳንዱ ቃል ትኩረት መስጠትን በግድ ይማራል። በተጨማሪም የእንግሊዝኛ የሕክምና፣ የሕግና የሳይንስ ቃላት አብዛኛዎቹ ከላቲንና ከግሪክ የወጡ ናቸው፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት የጀመረ ተማሪ የአጥንትና የጡንቻ ስሞችን ሲያጠና በቀን በቀን የሚገጥመው ነገር ነው።

ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ሥነ አመክንዮ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ልጁ መነሻ ሐሳብን ከመደምደሚያ መለየት፣ ከመነሻው ተነሥቶ መደምደሚያው በእርግጥ መምጣት አለመምጣቱን መመርመር ይማራል። ለጅማ ልጅ በሚገባ ምሳሌ ልንገር። “ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል። መንገዱ ረጥቧል። ስለዚህ ዘንቧል።” ዝናብ በማያጣት ከተማ ይህ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ነገር ግን የውኃ ቧንቧ ፈንድቶም መንገድ ይረጥባል። ሁለቱ መነሻዎች እውነት ቢሆኑም እንኳ መደምደሚያው ከእነርሱ አይወጣም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን አንዴ ካየ በኋላ በሬዲዮ፣ በፌስቡክና በገበያ የሚሰማውን ወሬ በተለየ ጆሮ ማድመጥ ይጀምራል። ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን መስደብ፣ ብዙ ሰው ስላለው ብቻ እውነት ነው ማለት፣ ያልተባለን ነገር ተቃዋሚ አፍ ውስጥ ከትቶ እርሱን ማፍረስ፣ እነዚህ ሁሉ በስም ተለይተው የሚጠኑ የክርክር ስሕተቶች ናቸው።

በላይኞቹ ክፍሎች የንግግር ጥበብ ይመጣል። የጥንቶቹ መምህራን ይህን ጥበብ በአምስት ሥራ ከፍለውታል፤ የሚነገረውን መፈለግ፣ በቅደም ተከተል ማደራጀት፣ በቃላት ማስዋብ፣ በልብ መያዝ፣ በመጨረሻም በድምፅና በአካል ማቅረብ። ተማሪው ከግሪካዊው ሆሜርና ከሮማዊው ቨርጂል እስከ ጣሊያናዊው ዳንቴና እንግሊዛዊው ሼክስፒር ያሉትን ጽሑፎች አንብቦ በክብ ተቀምጦ ይወያያል፤ መምህሩ ከማስረዳት ይልቅ መጠየቅ ያበዛል። ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ በገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል፤ ያልጠበቀው ጥያቄ ሲመጣበትም እዚያው ቆሞ ይመልሳል።

ስለ ሒሳብና ሳይንስ የሚነሣው ሥጋት መሠረት የለውም። አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ታሪክ ከጥንቱ ዓለም ተነሥቶ በመካከለኛው ዘመን አልፎ ወደ ዘመናችን በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ሥነ ጽሑፉም ከዘመኑ ጋር ተጣምሮ ይነበባል። ክርስቲያናዊ የሚያሰኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ መኖሩ ብቻ አይደለም። ዕውቀት ሁሉ ከአንድ ፈጣሪ የመጣ ስለሆነ ሒሳቡም ታሪኩም ግጥሙም እርስ በርሱ ይያያዛል የሚለው እምነት በየትምህርቱ ውስጥ አለ። ተመራቂው ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ ቅስና የትምህርቱ ግብ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ከዚህ ጥንታዊ የክርስትና ዓለም ውጭ የኖረች አገር አይደለችም። በ4ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያውን የአክሱም ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። መጽሐፈ ሔኖክ ምሉዕ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ነው። እንግዲህ የራሳችን ጥንታዊ ትምህርት ቢኖረን አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ደጃችን ላይ እያለ ሌሎች ሲነግሩን መስማታችን ነው።

በጅማ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የአብነት ትምህርት የሚሰጥበት ማታ ምን እንደሚመስል ልብ ብላችሁ እዩ። መብራቱ ደካማ ነው፤ ቢደክምም ግድ የለም፤ ምክንያቱም መጽሐፍ የያዘ ልጅ የለም። የኔታ አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ልጆቹ ይቀበላሉ። ጸሎተ ሃይማኖት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ በዚህ መንገድ በጆሮ ገብተው በልብ ይቀመጣሉ። ቀን ቀን ደግሞ ንባብ ነው። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ ፊደለ ሐዋርያና ወደ ዮሐንስ ወንጌል፣ በመጨረሻ ወደ ዳዊት። ንባቡም ደረጃ አለው፤ በቁጥር ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ይጀምራል፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ ላይ ሲደርስ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚያጠብቅ ጆሮው ያውቃል። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ማለትም እየነገረ ያስጠናዋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ትናንት የተማረውን ዛሬ የሚያስተምር ልጅ የተማረውን ሁለት ጊዜ ነው የሚማረው።

ከንባብ ቤት በኋላ ዜማ ቤት ይከተላል፤ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ ከነምልክቱ። ሙዚቃን ከጥበባት መካከል መቁጠር ለምዕራቡ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ስለ ዜማ ቤት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔን አሁን የሚይዘኝ ግን ቅኔ ቤት ነው፤ የጠየቅነው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነውና።

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ ግስ ይወርዳል፤ እርባታውንና አገባቡን ያጠናል። ይህ ሰዋስው ነው። ከዚያ የኔታ ቅኔ ይነግራሉ፤ ምሥጢሩን ፈትተው ያሳያሉ። ሰሙ የትኛው ነው፣ ወርቁ የትኛው ነው፣ ሁለቱ በምን ተመሳሰሉ፣ የትኛው ግስ ሁለቱን ተሸከመ? ምሳሌው ከተመሰለለት ነገር ጋር በአንድ ወገን ተስማምቶ በሌላው ወገን ቢፈርስ ቅኔው ወድቋል። ይህን መፈተሽ ሥነ አመክንዮ ነው፤ ያውም በግጥም። ቀጥሎ ተማሪው ብቻውን ጸጥታ ወዳለበት ቦታ ሄዶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የራሱን ያዘጋጃል ማለት ነው። በሁለት ቤት (በሁለት ስንኝ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲጠነክር ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ይዞ ለየኔታ ይቀርባል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ እርባታው ቢሳሳት፣ ቤቱ ቢጎድል፣ ምሥጢሩ ቢስት ያርሙታል። በበዓል ቀን ደግሞ በማኅሌት መካከል፣ በሊቃውንት ፊት፣ ለዚያ በዓልና ለዚያ ዕለት የሚስማማ አዲስ ቅኔ ያቀርባል።

“አዲስ” የሚለውን ላስምርበት። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ብዙዎቻችን የቤተ ክህነት ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው እንላለን። ነገር ግን በአገራችን ካሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በየዕለቱ ከራሱ አመንጭቶ እንዲደርስ የሚያስገድድ ከቅኔ ቤት ሌላ አላውቅም። ለዚህ ያበቃው ደግሞ የሸመደደው ግስ ነው። ግሱ በልቡ ባይኖር በአንዲት ቃል ሁለት ምሥጢር ማሸከም አይሆንለትም ነበር። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የተባሉት የቅኔ ትምህርት ቦታዎች በቅኔ ስልታቸው ስማቸው የተጠራው ግስ በማስያዝ ብቻ ሳይሆን በዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሥራ፣ በምርመራውና በድርሰቱ ነው።

በመጻሕፍት ቤት ደግሞ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት በአንድምታ ይተረጎማሉ። መምህሩ ንባቡን ከተረጎሙ በኋላ “አንድም” እያሉ ሌላ ፍቺ፣ ሌላም ፍቺ ይጨምራሉ፤ ታሪክ ያመጣሉ፤ ለምን እንዲህ ተባለ ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪው አንድ ጥቅስ ከአንድ በላይ መንገድ ሊታይ እንደሚችል፣ ነገር ግን ማንኛውም መንገድ ያለ ማስረጃ እንደማይቆም ይማራል።

አራቱ የቁጥር ጥበባትስ? ሒሳብና ሥነ ፈለክ የተገናኙበት፣ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ አለን። እርሱንም በስም ብቻ ጠርቼ ማለፍ ስለማልፈልግ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካን አብረን እናውጣ፤ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አብራችሁ ሥሩት።

ከ2018 ላይ 5500 ደምሩ፤ 7518 ይሆናል፤ ይህ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከ13 አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ስታባዙ 132፤ ለ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ሲቀነስ፣ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ስታባዙ 228፤ ለ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ 12 እና 18 ሠላሳ ነው፤ እስካሁን አልተሳሳትንም። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ በ18ኛው ቀን ይውላል። ዕለቱን ለማወቅ 7518ን ለ4 አካፍሉ፤ 1879 ይደርሳል። ሁለቱን ስትደምሩ 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ እየተባለ ስለሚቆጠር መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፤ መስከረም 18 እሑድ ማለት ነው። ለየዕለቱና ለየበዓሉ ተውሳክ የሚባል ተደማሪ ቁጥር አለው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። በዚህ 25 ላይ የዐቢይ ጾምን ተውሳክ 14 ስንደምር 39፤ ሠላሳውን ስንገድፍ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ትንሣኤ ከነነዌ በሁለት ወርና በ9 ቀን ስለሚርቅ፣ ሁለቱን ወር ወደ መጋቢት አልፈን ተውሳኩን 9 በ25 ላይ ስንደምር ደግሞ 34፤ ሠላሳውን ስንገድፍ ሚያዝያ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.።

በዚህ ስሌት ውስጥ ለምን 19 ሆነ? የፀሐይና የጨረቃ ዑደት ከሞላ ጎደል በየ19 ዓመቱ ስለሚገናኝ ነው። ለምን 11? የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ነው። ለምን ለ4 ተካፈለ? በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ነው። ይህን ቁጥር በቃሉ ይዞ ምክንያቱን የማያውቅ ልጅ አለ፤ ምክንያቱን ጠይቆ የተረዳም አለ። ሁለቱም ሚያዝያ 4 ላይ ይደርሳሉ። የጽሑፌ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ዛሬ የምናየው ችግር ከዚህ ይነሣል። አብዛኛው ልጅ ንባብ ቤት ገብቶ ዳዊት ሳይጨርስ፣ ቢጨርስም ቅኔ ቤት ሳይደርስ ያቆማል። ስለዚህ የአብነት ትምህርትን የምናውቀው በመጀመሪያ እርከኑ ብቻ ነው፤ እርሱንም አይተን ሽምደዳ ነው ብለን እንፈርዳለን። በመደበኛው ትምህርት ቤትም የሚገጥመን ከዚህ የራቀ አይደለም። ማስታወሻ ይገለበጣል፣ ይጠናል፣ ለፈተና ይቀርባል፤ ጥያቄና ድርሰት ግን ብዙ ጊዜ ተራ አይደርሳቸውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ የመምህራን ኑሮ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ ግጭትና ወረርሽኝ ያመጡት መቋረጥ ሁሉ አለበት። ቢሆንም ከያዘው ነገር ተነሥቶ ማሰብን ያልተለማመደ ተማሪ በማንኛውም ፈተና ፊት ይቸገራል።

የአብነት ትምህርትም እንከን የለውም አልልም። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ አድሮ የሚማርበት ኑሮ ለብዙ ልጅ ጤና የከበደ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይከብዳል። አለንጋ ነበረበት። ሴቶች ልጆች ለረጅም ዘመን ከበሩ ውጭ ቀርተዋል፤ የገቡትና የተመረቁት እናቶች ጥቂት ናቸው። የተፈጥሮ ሳይንስ የለበትም። እነዚህን ማረም ትምህርቱን መጉዳት አይደለም።

የጅማን ሁኔታ ከሌላው የሚለዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። እዚህ የሚያድግ ልጅ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይሰማል፣ ቁቤንም ፊደልንም ያያል፣ እንግሊዝኛም ይማራል። በዚህ ላይ ላቲን ይጨመር የሚል ካለ እቃወማለሁ። ላቲን ለእንግሊዝ ልጅ የሚሰጠውን ጥቅም ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግዕዝ አስበልጦ ይሰጠዋል፤ ሥርወ ቃሉ ያገናኘዋል፣ ፊደሉ አንድ ነው፣ መምህሩም በእግር መንገድ ርቀት ይገኛል። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ የአሜሪካውን ትምህርት ቤት እንዳለ ወደ ጅማ ማምጣት አይቻልም። የሚቻለው የሳይንሱን ትምህርት በመደበኛው፣ የግዕዙን፣ የዜማውንና የባሕረ ሐሳቡን በቤተ ክርስቲያን ማስተማር፣ በመካከላቸውም ቤተሰብ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ስለ ጅማ ስናወራ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን አለማንሣት ተገቢ አይሆንም። የጅማ ምድር በእስልምና ትምህርት የታወቀ ነው። በዚያም ልጁ ቁርአንን በንባብና በቃል ይጀምራል፤ የገፋ ደግሞ ወደ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው)፣ ወደ ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ) እና ወደ ተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) ያልፋል። ያው ቅደም ተከተል ነው፤ ቃል፣ ሰዋስው፣ ትርጓሜ። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ከተማ ልጆቻቸውን በአንድ ዓይነት ሥርዓት አስተምረው ሊቃውንት ካፈሩ፣ ሥርዓቱን ከመናቃችን በፊት ልንመረምረው ይገባል።

ታዲያ ዛሬ ልጅ ያለው ቤተሰብ ምን ያድርግ? ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡም ልጁን ቤት ያውለዋል። ትንሹን ልጅ ለየኔታ ስጡት፤ ስትሰጡት ግን ምን እንደያዘ ብቻ ሳይሆን የያዘውን ምን እንዳደረገበት ጠይቁ። ውዳሴ ማርያም የያዘች የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሰኞው ከማክሰኞው በምን እንደሚለይ ብትጠየቅ መልሱን ፍለጋ ወደ ንባቡ ትመለሳለች። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሲከራከራችሁ ዝም አታሰኙት፤ “ይህ ከምን ተነሥቶ መጣ?” በሉት። እናንተም ስትሳሳቱ እንዲያርማችሁ ፍቀዱለት፤ ክርክሩን ከንቀት የሚለይበትን ወሰን ግን አሳዩት። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር መሪጌታ ካገኛችሁ ሒሳብ የሚወደውን ልጅ ይዛችሁለት ሂዱ።

ከፍ ላለው፣ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የመመረቂያ ክርክሩን ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጥያቄ ይምረጥ፤ ከራሱ ሕይወት የራቀ ባይሆን ይመረጣል። በጅማ ዙሪያ የቡና ጥላ ዛፎች ለምን ይቆረጣሉ፣ ይህስ ትክክል ነው? ጾም ለታመመ ሰው ለምን ይፈቀድለታል? ክረምቱን ሙሉ ያንብብ፣ ሰው ይጠይቅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፍ። ከመስከረም በፊት ባለው አንድ ቀን አጎት፣ የሰፈር መምህር፣ የንስሐ አባትና ከሐሳቡ የማይስማማ አንድ ጎረቤት ተሰብስበው ያዳምጡት፤ ወረቀቱን ሳያነብ በቃሉ ያቅርብ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ይህን ከየት አገኘኸው፣ የማይስማማህ ሰው ምን ይልሃል፣ ለእርሱስ ምን ትመልስለታለህ?